የጓዳችን ልጣጭ የሌላ ሰው ሸክም አይሁን

በአዲስ አበባ ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያለችው ሰው ሁሉ፣ ከወጥ ቤቱ የሚወጣውን ልጣጭና ከግቢው የሚጠረገውን ቅጠል እዚያው ጓሮው ውስጥ ወደ አፈር እንዲመልስ እጠይቃለሁ። ለዚህ የሚሆነው የኮምፖስት ሳጥን ከተጣለ ፓሌት፣ ከአሮጌ በርሜል ወይም ከቁራጭ ቆርቆሮ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሠርቶ ያልቃል። ጥያቄው ጎመን ስለማሳመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለየሰዉ ፍላጎት በተውኩት ነበር። ነገር ግን ቆሻሻችንን በጀርባቸው የሚሸከሙ፣ ከቆሻሻችን አጠገብ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ወገኖች አሉን። ስለዚህ እንደ ግዴታ አድርጌ አነሳዋለሁ።

ቆሼን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዋና ከተማችን ቆሻሻ የተራገፈበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደና በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ አገር አለቀሰ። ስለ አደጋው መንስኤ የሚጠየቅ ብዙ አካል አለ፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን የኛን የነዋሪዎቹን ድርሻ ነው። ያ ተራራ የተከመረው ከየቤታችን በወጣ ከረጢት ነው።

ከአደጋው በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ቆሻሻዋን ሰንዳፋ አካባቢ ወደተዘጋጀ አዲስ ቦታ ማጓጓዝ ጀምራ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ለእርሻቸው፣ ለውሃቸውና ለከብቶቻቸው ፈርተው ተቃወሙ። ሥራው በወራት ውስጥ ቆመና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። በሰንዳፋ ገበሬ ልፈርድ አልችልም። በራሳችን አጥር ሥር ቢከመር እኛም እንዲሁ እንጮህ ነበር። አዲስ ቦታ በተፈለገ ቁጥር የሌላ ሰው ደጃፍ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚሻለው መኪናው ላይ የሚጫነውን መቀነስ ነው።

መቀነስ እንደምንችል ለማየት የዛሬውን የቆሻሻ ከረጢታችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት ታገኛላችሁ። በበዓል ማግስት ቄጠማው ይጨመርበታል፤ ዛፍ ባለበት ግቢ የረገፈው ቅጠል ይከተላል። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ በስብሶ አፈር መሆን የሚችል ነገር ነው። ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው፤ ውሃ ያዘለ ነውና። ጠዋት በራችንን የሚያንኳኩት የጽዳት ማኅበር ሴቶችና ወጣቶች በጋሪ እየገፉ፣ በጀርባቸው እያዘሉ ወደ ገንዳው የሚያደርሱት በአብዛኛው ውሃ ነው። ከረጢቱ ተቀድዶ ልብሳቸው ላይ የሚፈሰው፣ ዝንብና ውሻ የሚጠራው፣ በማግስቱ የሚሸተው ይኸው እርጥቡ ክፍል ነው።

ክምሩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ጉዳቱ ይብሳል። ልጣጭ ከሥር ታፍኖ አየር ሲያጣ የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫሉ። ሜቴን እሳት የሚይዝ ጋዝ ነው፤ በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ነው። ከክምሩ ሥር የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ደግሞ ከባትሪው፣ ከቀለሙና ከመድኃኒቱ የቀሰመውን መርዝ ይዞ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙበት ገበሬዎች አሉ፤ ያን ጎመን ገዝተን የምንበላው እኛው ነን።

መፍትሔውን ለፋብሪካ ብቻ የምንተወውም አይደለም። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ይሁንና ውሃ የጠጣ ልጣጭ ለእሳት አይመችም፤ ከሙቀቱ ብዙው የሚጠፋው ውሃውን በማትነን ነው። ልጣጩ በየጓሮው ቢቀር ለጣቢያው የሚደርሰው ደረቁና የሚነደው ይሆናል። ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ጠርሙስ ለቅመው የሚተዳደሩ ሰዎችም ንጹሕ ዕቃ ያገኛሉ፤ በአተላ የተለወሰ ካርቶን የሚገዛ የለምና።

የምጠይቀው ሥራ ለኛ እንግዳ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በከምባታ እናቶች የከብቱን እበትና የቤቱን ጥራጊ ወደ እንሰቱ ተክል ሲያደርሱ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። በአንድ መሬት ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ አፈሩ ሳይደክም የኖረው በዚህ ጥበብ ነው። በትግራይ ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ኮምፖስት በእርሻ ላይ እንዲሞከር አደረጉ። በኮምፖስት የተገኘው ምርት በኬሚካል ማዳበሪያ ከሚገኘው የማያንስ መሆኑ በየማሳው ተለክቶ ተመዘገበ። ዶክተር ተወልደብርሃን በአውሮፓውያኑ 2000 ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ድርቅ በተፈራረቀበት መሬት ላይ ገበሬው የቻለውን፣ የቧንቧ ውሃና ጥላ ያለው የከተማ ሰው እንዴት ያቅተዋል?

ጓሯችን ራሱ ይህን ይለምናል። አብዛኛው የአቃቂ፣ የቃሊቲና የቦሌ ሰው መረሬ አፈር ላይ ነው የሚኖረው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል። ኮምፖስት ሲገባበት ይላላል፤ ዝናቡን ያሰርጋል፣ በበጋም እርጥበት ይዞ ይቆያል። የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለጓሮ ጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለቃሪያ ግን ከራሳችን ወጥ ቤት የሚወጣው ይበቃል።

ስለዚህ ቀን እንቁረጥ፤ ኅዳር 12 ይሁን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል፤ የኅዳር በሽታ እያልን የምንጠራው ነው። ኅዳር ሲታጠን ግቢን መጥረግና ጥራጊውን ማቃጠል ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ አንድ ቀን ሰፈሩን ማጽዳቱ ሊጠበቅ የሚገባው ውርስ ነው። የዛሬው ጥራጊ ግን እንደ አያቶቻችን ዘመን ገለባና ቅጠል ብቻ አይደለም። ፌስታሉና የፕላስቲክ ጠርሙሱ አብሮ ይነድዳል፤ ጭሱም የልጆቻችንን ሳንባ ይመርዛል። የዘንድሮውን ኅዳር 12 እንደ ወትሮው አብረን እንጥረግ። ደረቁን ቅጠልና ሣር ግን ለሳጥኑ እናስቀምጠው። በኅዳር የተጀመረ ክምር ሰኔ ሳይገባ፣ የአትክልትና የችግኝ ተከላ ወቅት ሳይደርስ ለአፈር ይደርሳል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ግማሽ ጥላ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ከጎረቤት ግድግዳ ራቅ ያለ፣ ግን ከወጥ ቤት በር በዝናብም ቢሆን የሚደረስበት ይሁን። ሲሚንቶ ላይ አታቁሙት። ባዶ አፈር ላይ ሲሆን ትሉና ተሐዋስያኑ ከታች ይወጣሉ፣ የተረፈው ውሃም ይሰርጋል። አፈሩን በዶማ ቆፈር ቆፈር አድርጉለት።

ከሁሉ የሚቀለው የፓሌት ሳጥን ነው። ፓሌት ከዕቃ መጋዘንና ከሕንፃ መሥሪያ አጠገብ ተጥሎ ወይም በርካሽ ይገኛል። ማኅተሙን ግን ተመልከቱ። ኤች እና ቲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉበት በሙቀት ብቻ የታከመ እንጨት ነው፤ ውሰዱት። ኤም እና ቢ የሚል ካለበት በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትም ይቅር። ሦስቱን ፓሌቶች አቁማችሁ በማእዘናቸው ላይ በወፍራም ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ። አራተኛው የፊት በር ነው፤ በአንድ ጎኑ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክና በሚስማር ብትይዙት እንደ ማጠፊያ ይከፈታል። ወርዱ፣ ጎኑና ከፍታው አንድ አንድ ሜትር አካባቢ ይሁን። ክምሩ ከዚያ በጣም ካነሰ በአዲስ አበባ ብርድ ሌሊት ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፤ በጣም ከበዛም መሃሉ አየር ያጣል። አይጥ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ከሥሩና ከጎኑ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ አንጥፉ። ከላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ወይም አሮጌ ሸራ ይከደን፤ የክረምቱ ዝናብ ክምሩን አጥቦ ምግቡን እንዳይወስደው።

ጓሮው ከጠበበ 200 ሊትር የሚይዝ አሮጌ በርሜል ይበቃል። ታችኛው ክዳን ይቆረጥ፣ በዙሪያው የአውራ ጣት ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ይበሱ፣ ላይኛው ክዳን እንዲከፈት ይደረግ። በርሜሉ ቀደም ሲል ዘይት፣ ሬንጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም አሲድ የያዘ ከሆነ አትንኩት፤ ምግብ የተቀመጠበትን ፈልጉ። አሮጌ ቆርቆሮም በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ከተመታ ሳጥን ይወጣዋል፤ አየር እንዲያስገባ መብሳቱን ብቻ አትርሱ። ይህን ሁሉ ከየት እናምጣው የሚል ካለ፣ ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራም ሰው የጣለውን ብረት መልሶ ዕቃ በማድረግ የሚታወቅ ሰፈር ነው። ለቆሻሻ ሳጥን ተብሎ አዲስ ፕላስቲክ መግዛት አያስፈልገንም።

ሳጥኑ ከቆመ አመጋገቡ ይቀጥላል። ከሥሩ አንድ ስንዝር ጭራሮና ቅርንጫፍ አንጥፉ፤ አየር ከታች እንዲገባ ነው። ከዚያ እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቁ መደርደር ነው። እርጥቡ ልጣጩ፣ የቡና አተላው፣ አዲስ የታጨደው ሣርና አረሙ ነው። ደረቁ የረገፈው ቅጠል፣ የደረቀው ቄጠማ፣ ገለባው፣ ቀለም ያልነካው ካርቶንና ሰጋቱራው ነው። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ጨምሩ። ተሐዋስያኑ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ፤ የባልዲው ልክ ወደዚያ የሚያቀርብ ነው። በየድርቡ መሃል አንድ አካፋ የጓሮ አፈር ወይም ፍግ በትኑ፤ የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን ያሉት እዚያ ነው። የከሰል አመድ በጣም ሳስቶ ይነስነስ፤ ከበዛ ናይትሮጅኑን ያበንነዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ መበስበስን ያዘገያልና ጥቂት ብቻ ይግባ። የጫት ገረባ ግንዱ ከተከታተፈ ይበሰብሳል።

የማይገቡትን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቃቸው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት ያለው ወጥ፣ ወተትና አይብ፣ የውሻና የድመት ኩስ፣ የታመመ ተክል፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ፌስታል አይገቡም። የሻገተ እንጀራ ጥቂት ከሆነ ወጥ ሳይነካው መሃል ላይ ይቀበር። ልጣጭ በጨመራችሁ ቁጥር ወዲያው በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት። ሽታና ዝንብ የሚመጣው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ውሃው ልኩን ይጠብቅ። ከመሃል እፍኝ ወስዳችሁ ስትጨምቁ ጠብ ጠብ ካላለና እጃችሁን ካረጠበ ልኩ ነው። አንድ ረጅም እንጨት በክምሩ መሃል ሰክታችሁ ተዉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስትነቅሉት ከሞቀና ከረጠበ ሥራው እየሄደ ነው። ጥሩ የተደረደረ ክምር መሃሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ የአረም ዘርንና ብዙ በሽታ አምጪዎችን ይገድላል። እንጨቱ ደርቆ ከወጣ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ ከወጣ እርጥብ ልጣጭና ፍግ ጨምራችሁ አገላብጡት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ጨምራችሁ በመንሽ ወይም በአካፋ ገልብጡት። በየአንድና ሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ ያፋጥነዋል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ክምሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ጠቁሮ ይፈረፈራል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ያን ጊዜ ደርሷል። አንዱ ሳጥን ሲሞላ ሌላ አጠገቡ ብታቆሙ አንደኛው ሲበስል ሌላው ይመገባል።

ጓሮ የለኝም የምትሉ፣ በጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖሩ ወገኖች፣ እናንተም ከጥሪው አልወጣችሁም። ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ታጥቦ ልጣጭ ይያዝበት። ሳጥኑ ከሕንፃው ሥር ባለው የጋራ ቦታ ይቁም፤ ኮሚቴው ተራ ያውጣለት። ተከራይ ነኝ የምትሉም ባለቤቱን አስፈቅዱ። የፓሌት ሳጥን ሽቦው ተፈትቶ የሚሄድ ነው፤ አፈሩ ላይም ከጥቅም በቀር የሚተወው የለም።

ለዕድር ዳኞች ልዩ አደራ አለኝ። ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በጋራ መያዝ ያወቀ ድርጅት ነው። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና መንሽ ገዝቶ ለአባላቱ ማዋስ አያቅተውም። በወር ስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ ለዚህ ይሰጥ። ጓሮ ያለውና የሌለው ይጣመር፤ የሌለው ልጣጩን ለጎረቤቱ ያድርስ፣ ያለው ጎመኑን ያካፍል። ጉልበት ለሌላቸው አዛውንት ወጣቶች በደቦ ሳጥን ይሥሩላቸው።

ርዕሳነ መምህራን፣ ትምህርት ቤት ሜዳና ዛፍ አለው፣ ብዙ የምሳ ትራፊም አለው። ልጆች እንጨቱን ሰክተው ሙቀቱን ሲያዩ የሳይንስ ትምህርቱ በእጃቸው ይገባል፤ ቤት ሄደውም ወላጆቻቸውን ያስተምራሉ። የጭማቂ ቤትና የቡና ቤት ባለቤቶች፣ የናንተ ልጣጭና አተላ ንጹሕና ብዙ ነው። ከፌስታል ለይታችሁ በባልዲ አስቀምጡት፤ አትክልት የሚያለሙ ወጣቶች መጥተው ይውሰዱት። የወረዳ ኃላፊዎችም ለየቤቱ ሳጥን እንድትሠሩ አልጠይቅም። የከተማ ግብርና ባለሙያዎቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ አንድ ሳጥን በሕዝብ ፊት አቁመው ያሳዩ። ከመንገድ ዳር ዛፎች የሚጠረገውንም ቅጠል ወደ ገንዳው ከመላክ ይልቅ ለነዋሪው አድሉት።

አንድ ቤት ብቻውን ቆሼን አያጎድልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የከተማዋ ልጣጭ በየጓሮው ሲከፋፈል የማንም ሸክም አይሆንም። በየሳምንቱ የሚወጣው ከረጢት በግማሽ ሲቀል መጀመሪያ የሚያውቁት ጋሪውን የሚገፉት ሴቶች ናቸው። ከነሱ በኋላ ክምሩ ሥር የሚኖሩት፣ ቀጥሎም ከአቃቂ ውሃ የሚጠጡት ያውቁታል።

እስከ ኅዳር 12 ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጣጩን ከፌስታሉ እንለይ። ሁለተኛ፣ አራት ፓሌት ወይም አንድ በርሜል ፈልገን ሳጥናችንን እናቁም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጎረቤት ጠርተን ሳጥኑን እናሳየው፤ የሱንም አብረን እንሥራለት። የጠረግነው ቅጠል ዘንድሮ ወደ እሳት አይሂድ፤ በሰኔ ለምንተክለው ጎመንና ችግኝ አፈር ይሁን።